የነብር ቆዳ የለበሰ በግ

የበግ ለምድ ስለ ለበሰው ተኩላ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። በዐውደ ምሕረት ተሰብኮልናል፤ በትምህርት ቤት ተነግሮናል፤ አድገንም ወደ ሥራ ዓለም ስንሰማራ እንዲህ ያለውን ሰው እንድንለይ ሽማግሌዎች መክረውናል። በዚህ ነገር ላይ ፍርድ መስጠት አያስቸግርም፤ ተኩላው ለምዱን የለበሰው በጎቹን ለመብላት ነውና። ነገር ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ በጉ የነብር ቆዳ ለብሶ ቢገኝስ? ማንንም ለመብላት ሳይሆን እንዳይበላ ብቻ ያልሆነውን መስሎ የሚኖረውን ፍጡር ምን ብለን እንፍረደው? ውሸታም እንበለው ወይስ ብልህ? ይህን ጥያቄ ከብዙ ፈላስፎች ይልቅ አጥርቶ የሚያቀርብልን በመዳፍ ላይ ሊያርፍ የሚችል አንድ ትንሽ ዓሣ ነው።

ይህ ዓሣ የሚኖረው በሞቃት አገሮች ባሕር ዳርቻ፣ ጥልቀቱ ብዙ ባልሆነ ውሃ ውስጥ፣ በኮራል አለቶች መካከል ነው። ኮራል ማለት ነጋዴዎች መርጃን እያሉ ለአንገት ጌጥ ከሚሸጡት ቀይ ነገር ወገን ነው፤ ድንጋይ ይምሰል እንጂ ጥቃቅን ሕያዋን እንስሳት ትውልድ በትውልድ ላይ እየተደራረቡ የሠሩት ቤት ነው። በዚህ ቤት ውስጥ የሚኖረው የዓሣ ብዛትና የመልኩ ልዩ ልዩነት ያየውን ሰው ሁሉ ያስደንቃል። የእኛ ዓሣ ርዝመቱ ቢበዛ ወደ 10 ወይም 11 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ቆዳው ሲዳሰስ እንደ ብረት ሞረድ ሻካራ ስለ ሆነ ፈረንጆች ወገኑን ሁሉ የሞረድ ዓሣ ይሉታል፤ እኛም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ሊቃውንት ለዚህ ለትንሹ ያወጡለት ስም ፓራሉቴሬስ ፕሪዮኑሩስ ነው። መርዝ የለውም፤ አፉም ትንሽ ነው፤ ሲዋኝም ቀርፋፋ ነው። በዚያ ትልቁ ትንሹን በሚውጥበት ስፍራ እንዲህ ያለ ፍጡር ከአንድ ቀን በላይ ሊኖር አይገባውም ነበር።

ሆኖም ይኖራል። የሚኖርበትም ምክንያት በጎረቤቱ ነው። በዚያው አለት መካከል ካንቲጋስተር ቫለንቲኒ የተባለ ሌላ ትንሽ ዓሣ አለ። ይህኛው ሲያስፈራሩት ውሃ ውጦ እንደ ኳስ ከሚነፉት ዓሦች ወገን ሲሆን፣ በገላው ውስጥ ቴትሮዶቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ይዟል። የዚህን መርዝ ኃይል ለማወቅ የሚሻ ሰው ወደ ጃፓን አገር ይመልከት፤ እዚያ የዚህን ዓሣ ትልልቅ ዘመዶች ሥጋ ለእንግዳ ማቅረብ የሚችለው ተፈትኖ የፈቃድ ወረቀት የተቀበለ ወጥ ቤት ብቻ ነው። ተነፊው ዓሣ መርዙን ይዞ ተደብቆ አይኖርም። ነጭ ገላው ላይ እንደ ኮርቻ የተጫኑ አራት ጠቋቁር መደቦች አሉት፤ በእነዚህም ከሩቅ ይታወቃል። አዳኙ ዓሣ አንድ ጊዜ ቀምሶት አፉ ከመረረው ያን መልክ ሁለተኛ አይቀርበውም።

የሞረድ ዓሣው እንግዲህ ያንኑ መልክ ለብሶ ይገኛል። አራቱ ኮርቻዎች አሉ፤ የሆዱ ንጣት አለ፤ አዋዋኙ እንኳ ተመሳሳይ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከተነፊዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ሲዋኝ ይታያል። ሁለቱን ለመለየት የተማረ ዓይን ያስፈልጋል። የተነፊው የጀርባ ክንፍ አጭርና ወደ ኋላ የቀረ ሲሆን፣ የሞረድ ዓሣው የጀርባና የሆድ ክንፎች ረዣዥሞች ናቸው፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ብርሃን የሚያሳልፉ በመሆናቸው ተለይተው አይታዩም። የሚያጋልጠው የአካሉ ክፍል የማይታይ ሆኖ መፈጠሩ የሚገርም ነው። ኬሊና ሽሉተር የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በአውስትራሊያ ታላቁ የኮራል አለት ባሕር ውስጥ የተነፊውን ምስል ከፕላስቲክ ሠርተው አዳኝ ዓሦችን ፈትነዋል። አዳኞቹ እውነተኛውን የሚመስለውን ምስል ሸሹት፤ በግማሽ የሚመስለውን እንኳ ከማይመስለው ይልቅ ፈሩት። ይህም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሞ ወጥቷል። ከዚህ የምንማረው፣ ፍርሃት ባለበት ስፍራ ጥቂት መምሰልም ዋጋ እንዳለው ነው።

አንባቢ፣ በተለይም በመቱ፣ በጎሬ ወይም በበደሌ ተቀምጦ ይህን የሚያነብ አስተማሪ፣ ይህ የባሕር ነገር እኛን ምን አገባን ይል ይሆናል። በእውነትም የኢሉባቦር ሰው ከባሕር የራቀ ነው። ከመቱ አጠገብ የሚወርደው የሶር ውሃ ወደ ገባ፣ ገባም ወደ ባሮ፣ ባሮም ወደ ነጭ አባይ ገብቶ በመጨረሻ የሚደርሰው ወደ ሜድትራንያን ነው እንጂ ወደ ቀይ ባሕር አይደለም። ኤርትራም በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ዳርቻ የላትም። ይሁን እንጂ ቀይ ባሕር የዚሁ የሞረድ ዓሣ ወንድም የሚሆን የራሱ ዓሣ አለው። ፓራሉቴሬስ አርቃት ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት ዩጂኒ ክላርክ የተባለች አሜሪካዊትና ሐሚድ ጎሐር የተባለ ግብፃዊ ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። እርሱም በተራው እንደ ዕንቍ ፍሬ በተረጨ ነቁጥ ያጌጠውን የቀይ ባሕር ተነፊ ይመስላል።

ደግሞም እንዲህ ያለውን ነገር ለማየት ወደ ባሕር መውረድ አያስፈልግም። ከወተታማ ዕፅ መርዝ ሰብስባ የምታድግ ብርቱካን መልክ ያላት ቢራቢሮ በአገራችን በየሜዳው ትበራለች፤ ወፍ አይበላትም። ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ የተባለች ሌላ ቢራቢሮ ደግሞ መርዝ ሳይኖራት የእርሷንና የሌሎች መርዛሞችን መልክ ትለብሳለች። በብዙው የአፍሪካ ክፍል ይህን የሚያደርጉት እንስቶቹ ሲሆኑ፣ ወንዱ ቢጫና ጥቁር፣ ክንፉም ባለ ጅራት ነው። እንስቶቹ ወንዱን ፈጽሞ ስለማይመስሉ ሮላንድ ትራይመን የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1869 አንድ ወገን መሆናቸውን እስኪያስረዳ ድረስ የተለያዩ ፍጥረቶች ተደርገው ይቈጠሩ ነበር። የኢትዮጵያዎቹ ግን የተለዩ ናቸው። በእኛ ደጋዎች አብዛኞቹ እንስቶች ወንዱን መስለው፣ ያለ ምንም ጭምብል ይበራሉ፤ ጥቂቶቹ ብቻ የመርዛሞቹን መልክ ይለብሳሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ጅራታቸውን አልጣሉም። ስለዚህ በአንድ ደን ውስጥ የተሸፈነችውና ያልተሸፈነችው እኅትማማቾች አብረው ይኖራሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። ይህ ውሸት ነውን? ቅዱስ አውግስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ395 ገደማ ስለ ውሸት በጻፈው መጽሐፉ፣ ውሸታም የሚባለው በልቡ አንድ ነገር ይዞ በአፉ ሌላ የሚናገር፣ ይህንንም ለማሳሳት ፈቅዶ የሚያደርግ መሆኑን ወስኗል። በዚህ ሚዛን ዓሣው ነጻ ነው። በልቡ የያዘው ነገር የለም፤ መልኩንም አልመረጠም። ከብዙ ሺህ ትውልድ በፊት ከአባቶቹ መካከል በአጋጣሚ ተነፊውን ጥቂት የመሰለው ከመበላት ተረፈ፤ ከልጆቹም መካከል ይበልጥ የመሰለው ይበልጥ ተረፈ፤ እንዲህ እያለ አዳኙ ራሱ በገዛ ጥርሱ የሞረድ ዓሣውን ልብስ ሰፋለት። ይህን ነገር መጀመሪያ ያስተዋለው ሄንሪ ቤትስ የተባለ እንግሊዛዊ በአማዞን ጫካ 11 ዓመት ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ጽሑፍ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት በዚህ አይስማሙ ይሆናል። ፊሳልጎስ የተባለው፣ ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ጥንታዊ መጽሐፍ የእንስሳትን ጠባይ ሁሉ ለሰው ምሳሌ አድርጎ ያቀርባል። በዚያ መጽሐፍ ትምህርት ደሴት መስሎ የሚንሳፈፍ ታላቅ የባሕር አውሬ አለ፤ መርከበኞች ደሴት መስሏቸው መርከባቸውን ያስሩበታል፤ እሳት ባነደዱበት ጊዜ ጠልቆ ያሰጥማቸዋል። ይህ የተኩላው ታሪክ በውሃ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የነበረ ሰው የእኛን የሞረድ ዓሣ ቢያውቀው ኖሮ ምን ምሳሌ ይሰጠው እንደ ነበር እያሰብሁ እደነቃለሁ። እኔ ግን እንስሳን መኰነን ከንቱ ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። ዓሣው ለእኛ የሚጠቅመን ስለ ኃጢአት ሳይሆን ስለ ዕዳ የሚያስተምረን ነገር ስላለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአራቱ ኮርቻዎች አስፈሪነት ከየት መጣ? አዳኙ ዓሣ ሲወለድ ያን መልክ እንዲፈራ የሚያደርገው ትምህርት በሙሉ አልተሰጠውም፤ አብዛኛውን የሚማረው በመቅመስ ነው። በየጊዜው አንድ ያልተማረ ወጣት አዳኝ አንድ ተነፊ ይነክሳል፤ ይመረዋል፤ ይተፋዋል፤ ይማራል። የተነከሰው ተነፊ ቢቈስል ወይም ቢሞት በእርሱ ጉዳት ሌሎቹ ተነፊዎች ይከበራሉ። ክብሩ የተከፈለበት ነው። የሞረድ ዓሣው ግን ሳይከፍል ይጠቀምበታል። ይህ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር፤ ከአንድ ሻማ ሌላ ሻማ ቢለኰስ የፊተኛው አይጐድልምና። ነገር ግን ወጣቱ አዳኝ በመጀመሪያ የሚያገኘው ተነፊውን ሳይሆን የሞረድ ዓሣውን የሆነ እንደ ሆነስ? ይነክሰዋል፤ ይጣፍጠዋል፤ ባለ አራት ኮርቻ ዓሣ መልካም ምግብ ነው ብሎ ይማራል። በማግስቱም የሚነክሰው እውነተኛውን ተነፊ ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ አስመሳይ ምክንያት እውነተኛው እንደ ገና እየተነከሰ መርዛም መሆኑን በገላው ማስመስከር አለበት።

ከዚህም የተነሣ አስመሳዩ ከተመሰለው ቍጥሩ ያነሰ መሆን አለበት። አስመሳዮች በበዙ መጠን መልኩ ትርጒም እያጣ ይሄዳል፤ በመጨረሻም አራቱን ኮርቻዎች የሚፈራ አይኖርም፤ ያን ጊዜ የሚጠፋው አስመሳዩ ብቻ ሳይሆን ተነፊውም ጭምር ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአባቶች ብሂል እዚህ ላይ አያጽናናንም። በባሕሩ ውስጥ ሐሰቱ ሲበዛ እያደር የሚጠራ ነገር የለም፤ የሚሆነው እውነተኛው ከሐሰተኛው ጋር መናቁ ነው።

ይህን ሕግ በገበያ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢሉባቦር ማር የታወቀ ነው፤ በዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ ከጫካ አበባ ይመረታል። በመቱና በበደሌ መካከል ያለውንም የያዮን የቡና ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከሚጠበቁት የዓለም የሕይወት ክልሎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ነገር ግን አንድ ገዢ አንድ ጊዜ በስኳር የተደባለቀ ማር ከገዛ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚጠራጠረው ያጭበረበረውን ሻጭ አይደለም፤ እርሱ ከገበያ ሄዷልና። የሚጠራጠረው ንብ አንቢውን ነው። ቅቤን በሙዝ፣ በርበሬን በሸክላ ዱቄት የሚያበዙትም እንዲሁ ናቸው። ስለ ገበያው ከዚህ በላይ ማተት አያስፈልግም፤ አንባቢ የየራሱን ያውቃል።

ይልቁንም የሚከብደው የወረቀቱ ነገር ነው። በቅርብ ዓመታት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን የትምህርት ማስረጃ ሲያጣሩ ሐሰተኛ ዲፕሎማና ዲግሪ ይዘው የተቀጠሩ፣ ያደጉም ሰዎች ተገኝተዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ መሥራትንም ሆነ በእርሱ መገልገልን ስለሚያስቀጣ የሕጉ መልስ ግልጽ ነው። ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው መንግሥት ተታለለ፣ ሕዝብ ተጐዳ የሚለውን ነው። እውነት ነው። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተነከሰው ሌላ ሰው ነው። ከሁሩሙ ወይም ከአሌ ገጠር በእግሩ እየተመላለሰ የተማረ፣ በኩራዝ ያጠና፣ ተፈትኖ ያለፈ ወጣት ዲግሪውን ይዞ በመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሲቆም መዝገብ ቤቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያገላብጠዋል፤ ማኅተሙን ይመረምራል፤ ከተማርህበት ይረጋገጥ ብሎ ይመልሰዋል። ያ ወጣት ምንም አላጠፋም። ነገር ግን በማያውቃቸው አስመሳዮች ምክንያት እውነተኛነቱን እንደ ገና በገላው ማስመስከር ተፈርዶበታል። ይባስ ብሎም በሐሰተኛ ወረቀት የተሾመው አለቃ የዘመኑ ተማሪ ምን ያውቃል እያለ ሲያፌዝበት ይሰማ ይሆናል። አመድ በዱቄት ይስቃል የተባለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን በዚህ ላይ ብናቆም ለበጉ አልፈረድንለትም። የነብር ቆዳ የለበሰ ሁሉ ወንበር ፈላጊ አይደለም። በአለፈው መንግሥት ዘመን በኢሉባቦርም ሆነ በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ወላጆቹ ባወጡለት ስም ወደ ትምህርት ቤት ገብቶ በሌላ ስም የወጣ ልጅ ጥቂት አልነበረም። የእናቱ ቋንቋ እንዳይሣቅበት በክፍል ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ፣ አነጋገሩን እንደ ጓደኞቹ አድርጎ አደገ። አሁን ሽማግሌ ሆኖ በስብሰባ መካከል ስሙ ሲጠራ ለማን እንደሚጠራ አንድ አፍታ የሚያመነታ ሰው አለ። ይህን ሰው አስመሳይ ልንለው እንችላለን? ከማን ሰረቀ? በእርሱ ምክንያትስ የተነከሰ ማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ወደ ዓሣው ሳይሆን ወደ ውሃው መመልከት ይገባናል። ትንሹ ዓሣ የሌላ መልክ የለበሰው ትልልቅ አፎች በዙሪያው ስለ ነበሩ ነው። አፎቹን ትቶ ስለ ልብሱ ብቻ የሚወቅስ ዳኛ የጉዳዩን ግማሽ አላየም።

ከዚህም ከፍ ያለ ነገር በታሪካችን አለ። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡ በኋላ፣ የመንግሥት መቀመጫ ሆና ቈይታ በኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቀች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየከተማው በጠላት ቢሮ ጸሐፊና አስተርጓሚ መስለው እያደሩ፣ ወሬና ጥይት ለአርበኞች ያሻግሩ የነበሩ ሰዎች የውስጥ አርበኛ ይባላሉ። እነዚህ በእውነት የነብር ቆዳ ለብሰው በነብሮች መካከል የኖሩ በጎች ናቸው፤ አንዲት ቀን ቆዳው ቢወልቅ ዋጋው ስቅላት ነበር። እንደ ሞረድ ዓሣው ክብርን በነጻ አልተበደሩም። ይልቁንም ዕዳውን በሌላ በኩል ከፍለዋል፤ በገዛ ጎረቤቶቻቸው ዘንድ ባንዳ ተብለው ተንቀዋል፤ ልጆቻቸው ተሰድበዋል፤ ይህን ስድብ መመለስም አይችሉም ነበር። አውግስጢኖስ ውሸትን ሁሉ ያለ ልዩነት ከልክሏል፤ እ.ኤ.አ. በ1797 ካንት የተባለው ጀርመናዊም ነፍሰ ገዳይ እንኳ ቢጠይቅህ አትዋሽ ብሏል። ለሁለቱም ሊቃውንት ተገቢው ክብር ይሁንና፣ ከእነዚህ ሰዎች በአንዱ ፊት ቆሜ ይህን ለመናገር አልደፍርም።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት በተመለሰ ጊዜ የውስጥ አርበኛ የሚለው ስም የሚከበር ሆነ፤ የሚከበር ስም ባለበትም የሚለብሰው አይጠፋም። ለጠላት በሙሉ ልቡ ያገለገለው ሰው ሳይቀር በውስጤ ግን አርበኛ ነበርሁ ማለት ጀመረ። ማስረጃው በባሕርዩ ስውር ነበርና ማን ያስተባብለው? እንዲህ እያለ ስሙ ረከሰ፤ የውስጥ አርበኛ ሲባል ሰው ፈገግ የሚልበት ጊዜ መጣ። ያን ፈገግታ የተሸከመው ማን ነው? እውነተኛው ነው። በጠላት ዘመን ባንዳ ተብሎ፣ በነጻነት ዘመን ደግሞ ከአስመሳዮቹ ተቈጥሮ፣ ሁለት ጊዜ ተነከሰ። ሰው መሳይ በሸንጎ የሚለው አነጋገር የሚወጋው ሰው መሳዩን ብቻ ይመስለናል፤ በሸንጎው ጥግ ቃል አጥቶ የተቀመጠውን እውነተኛ ሰው ግን አናየውም።

ስለዚህ የምፈርደው በመምሰሉ አይደለም። የምጠይቀው፣ የተበደረው ክብር ማን የከፈለበት ነው፤ ሲነጥፍስ በማን ላይ ይነጥፋል የሚለውን ነው። ስሙን የለወጠው ልጅ ከማንም አልተበደረም። የውስጥ አርበኛው የገዛ ስሙን አስይዞ ተበደረ። ሐሰተኛው ባለ ዲግሪና ሐሰተኛው አርበኛ ግን በሌላው ላብና ደም ይኖራሉ፤ በበዙም ቍጥር ባለቤቱን ያደኸያሉ።

በዚህ ላይ አንድ የትምህርት ሰው ሊቃወመኝ ይችላል። መማር ራሱ መምሰል አይደለምን ይለኛል። የቆሎ ተማሪ የየኔታን ዜማ ትርጒሙን ሳያውቅ አስቀድሞ በድምፅ ይመስለዋል። ወጣቱ መምህር በመጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገባ ጕልበቱ እየተንቀጠቀጠ የለመደ ሰው መስሎ ይቆማል፤ ተማሪዎቹም ያምኑታል፤ ስላመኑትም ከጥቂት ወራት በኋላ በእውነት መምህር ይሆናል። ይህ ትክክለኛ ተቃውሞ ነው። ሰው ከዓሣው የሚለየውም በዚህ ነው። የሞረድ ዓሣው ዕድሜውን ሁሉ አራት ኮርቻ ለብሶ ቢኖር አንዲት ጠብታ መርዝ አያፈራም። ሰው ግን የለበሰውን ሊሆነው ይችላል።

ይህንንም ተቀብዬ እስከ መጨረሻው ልከተለው። አንድ መምህር እናስብ። ከ20 ዓመት በፊት በሐሰተኛ ወረቀት ተቀጠረ እንበል። ነገር ግን ፈራ፤ ፍርሃቱም አተጋው። ሌሊት እያነበበ ቀን አስተማረ፤ ከሌሎቹ ይልቅ ቀድሞ እየመጣ ዘግይቶ ሄደ። ዛሬ በመቱ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ በጎሬና በበደሌ ሆስፒታል የሚሠሩ ልጆች ሒሳብን የተማሩት ከእርሱ ነው። ያወቁት ሒሳብ ሐሰተኛ አይደለም። አሁን ወረቀቱ ተመርምሮ ነገሩ ወጣ። ምን እናድርገው? ሕጉ የሚለውን አውቃለሁ፤ እርሱንም አልሽርም። ልቤ ግን ለዚህ ሰው ያዝንለታል፤ ለብሶት የነበረውን ቆዳ በመጨረሻ በገላው ላይ አብቅሎታልና። ተማሪዎቹ መጥተው ቢማልዱለት፣ ከምልጃቸው ጋር እኔም እቆማለሁ።

ከመቆሜ በፊት ግን አንድ ሰው እፈልጋለሁ። ከ20 ዓመት በፊት በዚያው ቀን፣ ለዚያችው አንዲት የሥራ ቦታ፣ እውነተኛ ወረቀቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በደብተሩ መካከል ይዞ ከደጃፉ የቆመ ሌላ አመልካች ነበረ። ቦታው ተይዟል ተብሎ ተመለሰ። በዚያ ቀን ወደ የት እንደ ሄደ የጻፈ መዝገብ የለም። የቡና ለቀማ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም ወደ ሌላ አገር ተሰዶ፤ ወይም ዛሬም በዚያችው ከተማ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ፣ የዚያን መምህር ተማሪዎች እስክሪብቶ እየሸጠላቸው ይሆናል። ምልጃውን ስንጽፍ እርሱም እንዲፈርምበት ብንጠይቀው፣ እስክሪብቶውን አንሥቶ ምን እንደሚል መስማት እፈልጋለሁ።